የማናውቀውን ሰው መልክ ከፎቶግራፍ ስለ መሣል

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)




የማኅበሩ ጸሐፊ በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ሥዕል አንድ ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ፥ ስለ ሥነ ጥበብ ምንነትና ስለ ሠዓሊ ተግባር ሰፊ ሐተታ የምናቀርብ መስሎት እንደ ነበር እናውቃለን። እኛ ግን ትልቁን ነገር ለሚያውቁት ትተን፥ በእጃችን ስለ ያዝነው ስለ አንድ ትንሽ ሥራ ብቻ ልንነግራችሁ መጥተናል። ይኸውም ከቶ አይተነው የማናውቀውን ሰው መልክ ከፎቶግራፍ እየተመለከትን መሣል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ባለፈው ዓመት እርስ በርሳችን አጣልቶናል፤ አንድ ሰው አስቀይመንበታል፤ አንድ ሰውም አጽናንተንበታል። ስለዚህ ጉዳዩ ከክፍላችን ወጥቶ በእናንተ ፊት ቢመከርበት ይበጃል ብለን አሰብን።

እኛ ስንል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምንሰበሰብ ሰባት ተማሪዎች ነን። ሥዕልን በትምህርትነት የሚከታተል ከመካከላችን የለም፤ ሁለቱ የሕግ፥ ሦስቱ የምሕንድስና፥ ሁለቱ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ናቸው። በመጀመሪያ የምንሥለው እርስ በርሳችን እየተቀመጥን ነበር። ነገር ግን ሰባት ፊት ቶሎ ያልቃል። አንዱ የሌላውን አፍንጫ በቃሉ እስኪያውቀው ድረስ ከተሣሣልን በኋላ ሌላ ፊት ፍለጋ ወጣን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥልን ሰው ደግሞ አላገኘንም። ፎቶግራፍ ግን አይነቃነቅም፤ አይርበውም፤ «ክፍል አለብኝ» ብሎ አይነሣም። በዚህ ምክንያት ከመጽሔት፥ ከመጽሐፍ፥ ከሁሉም ይልቅ ከስልካችን ላይ የማናውቃቸውን ሰዎች ፊት እየመረጥን መሣል ጀመርን።

«ከፎቶግራፍ መሣል መገልበጥ እንጂ መሣል አይደለም» የሚሉን አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ለእነርሱ የምንመልሰው ታሪክን ጠቅሰን ነው። ፎቶግራፍ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓልያን ሲያሙትም ሲጠቀሙበትም ኖረዋል። ፈረንሳዊው ኤድጋር ዴጋ እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ፥ በፓሪስ የኦስትሪያ አምባሳደር ሚስት የነበረችውን የልዕልት ፓውሊን ሜተርኒኽን መልክ ሣለ። ልዕልቲቱ ግን ከፊቱ ተቀምጣለት አይደለም። ዲስዴሪ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ እስዋንና ባልዋን ጎን ለጎን አቁሞ ካነሣው፥ በእጅ መዳፍ ከሚያዝ ትንሽ ፎቶግራፍ ላይ ነው የወሰደው። ባልየውን አስቀርቶ እስዋን ብቻ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በለንደን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይገኛል። ፍራንሲስ ቤከን ደግሞ ወዳጆቹን እንኳ ከፊቱ አስቀምጦ ከመሣል ይልቅ፥ ጆን ዲኪን ያነሣለትን ፎቶግራፍ ይዞ ብቻውን መሥራት ይመርጥ ነበር። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሪሽተር እ.ኤ.አ. በ1972 በቬኒስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ያቀረባቸው 48 የታወቁ ሰዎች መልኮች የተሣሉት ከመዝገበ ዕውቀት መጻሕፍት ከተወሰዱ ፎቶግራፎች ነው።

በአገራችንም ቢሆን ያላዩትን ሰው መሣል እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጊዮርጊስንም ተክለ ሃይማኖትንም አላያቸውም፤ ከመምህሩ በተቀበለው ሥርዓት መሠረት ይሥላቸዋል። ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት፥ ክፉውን በአንድ ዓይኑ በጎን ያደርገዋል። ይሁን እንጂ በእርሱና በእኛ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የእርሱ ዕዳ ለሥርዓቱ ነው። ከፎቶግራፍ የሚሥል ሰው ግን ዕዳው ለአንድ ለተለየ ሰው ነው፤ ያ ሰው ስም አለው፤ ቤት አለው፤ «ይህ እርሱ አይደለም» የሚል ዘመድ አለው። ይህን ልዩነት እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከስልክ ያላነሰ የምንጠቀምበት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፥ እርሱን ወደ 30 በ40 ስናሳድገው ቁመቱም ወርዱም 10 ጊዜ፥ ስፋቱ 100 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት በሥዕሉ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የዓይን ቆብ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መስመር እናሰምራለን፤ 48 ትናንሽ ቤቶች ይወጣሉ። በሸራው ላይም በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ያንኑ ያህል ቤት እንሠራለን፤ ከዚያ በኋላ ቤት በቤት እናስተላልፋለን። ይህ ዘዴ ከፎቶግራፍ በፊት የነበረ ጥንታዊ ዘዴ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በአንድ ቦታ ነው። ዓይንን ወደ ላይ ያወጣዋል። ዓይን ያለው ግን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት የሚታይ ፊት ወርዱም አምስት ዓይን ያህል ነው። ይህን ደንብ ስናውቅ ደስ አለን፤ ቀጥሎ ግን ጎዳን። የምናውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ግንባሩ ከደንቡ ይበልጥ ሰፊ መሆኑን እናስታውስ ነበር። የማናውቀውን ስንሥል ግን እጃችን ሳናውቀው ወደ ደንቡ ይስበናል። ሰውን ከሰው የሚለየው ደግሞ ከደንቡ የሚወጣበት ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሣልናቸውን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ፊቶች በግድግዳ ላይ ደርድረን ስንመለከታቸው፥ ሁሉም ያንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር።

ፎቶግራፉ ራሱም ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ካሜራው ወደ ፊት በጣም ሲቀርብ አፍንጫ ያብጣል፥ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰው ክንዱን ዘርግቶ በስልክ ራሱን ሲያነሣ የሚሆነው ይኸው ነው። የምናውቀው ሰው ቢሆን አፍንጫውን እናሳንስለት ነበር። የማናውቀውን ግን በምን ልክ እናሳንሰው? የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። በአለፈው መቶ ዓመት ውስጥ የቀለም ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ነጭ ሴት በተነሣችበት የኮዳክ ካርድ ስለ ነበር፥ የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ጥላው በሚያርፍበት በኩል ጠፍቶ ይቀር ነበር። ከእንደዚያ ያለ አሮጌ ፎቶግራፍ ስንሥል የጉንጩን ጥላ በጥቁር ቀለም ሞላነው፤ ፊቱ ከሰል የተቀባ መሰለ። አንድ ማታ አንዱ ባልደረባችን መብራት ይዞ በሌላው ጉንጭ አጠገብ ቆመ። በጥላው ውስጥ ያየነው ቀይ ዳማ፥ ቡናማና ከሸሚዙ የተንጸባረቀ ሰማያዊ እንጂ ጥቁር አልነበረም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጥቁሩን ቀለም ከሣጥናችን አውጥተን፥ ጥላን ሁሉ ቡናማውን ከሰማያዊው ጋር እየደባለቅን እንሠራለን።

ይህ ሁሉ በእጅ ልምድ የሚስተካከል ስሕተት ነው። በልምድ የማይስተካከለው የሚከተለው ነው።

ባለፈው ዓመት ለሦስት ቀን ትንሽ ትርኢት አድርገን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በትርኢቱ መካከል ትልቁ ሥዕል፥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በድንጋይ ላይ የተቀመጡ የአንዲት አሮጊት መልክ ነበር። ፎቶግራፉን አንዱ ባልደረባችን በመንገድ ሲያልፍ በስልኩ ያነሣው ነው፤ አላስፈቀዳቸውም። ሥዕሉን ሦስት ሆነን ሠራነው። ከሥሩም «ድህነት» የሚል ርእስ ጻፍንበት። ብዙ ሰው አደነቀልን። አንድ መምህርም ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ። ቀርበን «ወደድኸው ወይ?» ብንለው፥ «አክስቴ ናቸው» አለን። ቀጥሎም «ስማቸውን ጠይቃችኋቸው ነበር?» አለ። ከሦስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

ሥዕሉን በዚያው ሰዓት አወረድነው። ማታ በክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ከሁለቱ የሕግ ተማሪዎች አንዱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገልጦ ቁጥር 27ን አሳየን። የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት፥ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ቁጥር 28ን አነበበ። ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፥ ወይም ለፍርድ፥ ለዕውቀት፥ ለባህል፥ ለትምህርት የሚያስፈልግ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። «እንግዲያውስ የእኛ ትርኢት ለባህል አይደለምን?» ሲል ተከራከረ። እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን። በመጨረሻ የተስማማነው ሕጉ ቢፈቅድልን እንኳ፥ እኒያ እናት መንገድ ዳር መቀመጣቸው ፊታቸውን ለእኛ መስጠታቸው አይደለም በሚለው ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ተማሪው ወደ ቤታቸው ወሰደን። ሥዕሉንም በአንሶላ ጠቅልለን ይዘን ሄድን። ቤታቸው ንጹሕ ነበር፤ ቡና አፈሉልን። እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ እሳቸው ሥዕሉን በጥሞና ይመለከቱ ነበር። በመጨረሻም «ልጆቼ፥ ጥለቴን የት አደረጋችሁት?» አሉን። ፎቶግራፉን አውጥተን አየነው። ለካ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ኖሯል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ በአንገታቸው ዙሪያ ይታያል። በዚያን ቀን የወንድማቸው አርባ ገና አልወጣም ነበር። እኛ ግን ቀለሙ ከፊታቸው ዓይን ይስባል ብለን ጥለቱን በነጭ ሸፍነነዋል። በአገራችን ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን የኀዘን ምልክት ከፎቶግራፉ ላይ አጥፍተን፥ በምትኩ «ድህነት» ብለን ጻፍንበት። እሳቸው ግን ድኻ አልነበሩም፤ ኀዘንተኛ ነበሩ።

ጓደኞች ሆይ፥ እኛን ከሕጉ ይልቅ የገሠጸን ይህ ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸንም ነበር። እኛ ምን ማየት እንደምንፈልግ አስቀድመን ስለ ወሰንን ያለውን አላየንም። የማናውቀውን ሰው ስንሥል ባዶውን ቦታ የምንሞላው ከራሳችን አሳብ ነው፤ አሳባችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጽሔትና ከወሬ የተቃረመ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላው ዓለምም ሠዓልያንን ከሕዝብ ጋር አጣልቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ኤመት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች እጅ ተገደለ። እናቱ ሕዝብ እንዲያይላት ብላ ሣጥኑን ክፍት አድርጋ ቀበረችው፤ ፎቶግራፉም በመጽሔት ታተመ። ዴና ሹትዝ የምትባል ነጭ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ያንን ፎቶግራፍ መነሻ አድርጋ ሣለችው። በተከታዩ ዓመት ሥዕሉ በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ሲታይ፥ ተቃዋሚዎች ከፊቱ ቆመው ከለሉት፤ ይጥፋ የሚል ደብዳቤም ተጻፈ። ሙዚየሙ አላወረደውም፤ ሠዓሊዋም አልሸጠውም አለች። በሌላ በኩል ኤሚ ሼራልድ እ.ኤ.አ. በ2020 በሉዊቪል በፖሊስ ጥይት የተገደለችውን ብሬዎና ቴይለርን ሣለች። እስዋም ሟቿን አታውቃትም ነበር። ነገር ግን በፎቶግራፎቿ ብቻ አልተወሰነችም፤ በቁመናዋ የምትመስላትን ሴት ፈልጋ አቆመች፤ እጮኛዋ ሊሰጣት ያሰበውንም ቀለበት በጣቷ ላይ አደረገችላት። ሁለቱም ከፎቶግራፍ ሣሉ። ሹትዝ የሣለችው ሟቹ የተገደለበትን ገጽ ነው፤ ሼራልድ ግን ሟቿ ልትኖረው የነበረውን ሕይወት ጠይቃ ሣለች። ሹትዝ ጨርሶ መሣል አይገባትም ነበር ወይ ለሚለው፥ በመካከላችን ዛሬም ስምምነት የለም።

የመጨረሻው ነገራችን በቅርቡ የሆነ ነው። የትርኢቱ ወሬ የደረሳቸው አንድ የግቢያችን ዘበኛ አንድ ቀን በራችንን አንኳኩ። ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። የቀረላቸው ፎቶግራፍ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ ሐምራዊው ማኅተም ግራ አገጭዋንና አንገቷን ሸፍኖታል። «ልጆቼ፥ ይህን ማኅተም አንሡልኝ» አሉን።

ከላይ እንደ ተናገርነው በቤት በቤት ከፍለን ሣልናት። ከማኅተሙ ሥር ያለውን ስላላየን የቀኙን አገጭ ወደ ግራ ገልብጠን ሞላነው። ሥራው ከሠራነው ሁሉ የተሻለ መሰለን። ጋሼን ጠርተን ስናሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና «እኅቷን ነው የሣላችሁልኝ» አሉ። እኅቷ በሕይወት አለች፤ በእውነትም ትመስላታለች። የጎደለው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ በልጅነቷ የፈላ ውኃ ተደፍቶባት በግራ አገጭዋ ሥር ጠባሳ እንደ ነበራትና ስትሥቅ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነው እንደ ነበር ነገሩን። ማኅተሙ ያረፈው በዚያው ላይ ነው። አንዳችን «ጋሼ፥ እርሷ ትሸፍነው ከነበረ ብንተወው አይሻልም?» ብንላቸው፥ «ከሰው ነው እንጂ ከእኔ አትሸፍነውም ነበር፤ ሥዕሉም የሚሰቀለው በእኔ ቤት ነው» አሉን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ እየመጡ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። እኛ ብሩሹን ያዝን፤ እሳቸው «ወደ ጆሮዋ ሳብ አድርገው»፥ «አይ፥ ይኼን ያህል አልቀላም» እያሉ መሩን። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ተነሥተው ከበሩ ላይ ራቅ ብለው አዩዋት፤ ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን አወለቁና ሥዕሉን ጠቀለሉበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ብንላቸውም አልሰሙንም። ይህን ሥዕል በትርኢት አላቀረብነውም፤ አናቀርበውምም። ታሪኩን እዚህ የተናገርነው አስፈቅደን ነው፤ ስሟን ግን አንናገርም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን ያወጣነውን ደንብ እንንገራችሁና እናብቃ።

አንደኛ፥ ለልምምድ የሚሣል ፊትና ለሕዝብ የሚታይ ፊት አንድ አይደሉም። ለልምምድ የሣልነው በክፍላችን ይቀራል፤ በስልክም አይሰራጭም። ሁለተኛ፥ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ስሙን ሳንጠይቅና ሳናስፈቅድ አንሰቅለውም፤ ፎቶግራፉን ያነሣውም ሰው የራሱ መብት ስላለው እርሱንም እናስፈቅዳለን። ሦስተኛ፥ የሞተ ሰው ከሆነ የሚያውቀው ዘመድ ከአጠገባችን ሳይቀመጥ ሥራው አይፈጸምም። የመምሰሉ ዳኛ እርሱ ነው፤ እኛ አይደለንም። አራተኛ፥ ብሩሽ ከመያዛችን በፊት በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ሁሉ፥ ልብሱን፥ ጥለቱን፥ ቁልፉን ሳይቀር በወረቀት እንዘረዝራለን፤ የምናስቀረው ነገር ቢኖር ለምን እንደምናስቀረው እንጽፋለን። አምስተኛ፥ ርእስ የምንሰጠው ሰውየውን ከጠየቅን በኋላ ነው።

«ይህ ሁሉ ደንብ የሠዓሊውን ነፃነት ያስራል» የሚል ባልደረባ በመካከላችን አለ። ዛሬም አቋሙን አልለወጠም፤ ዴጋ የልዕልቲቱን ባል ሲያስቀር ማንን አስፈቀደ ይለናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛ የምንመልስለት ልዕልቲቱ ስም ነበራት፥ «ይህ እኔ አይደለሁም» ብትል የሚሰማት ነበራት፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት እናት ግን ያ ተማሪ ባያልፍ ኖሮ የሚናገርላቸው አልነበረም በማለት ነው። ይህም መልስ ይበቃ እንደ ሆነ እናንተ ፍረዱ።

የአሮጊቷን ሥዕል ጥለቱን መልሰን ሣልነው። አሁን በእሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ርእሱን ደምስሰን በምትኩ ምን እንጻፍበት ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የእኔ መሆኑን ጻፉበት እንጂ ሌላ ምን ይጻፋል» ብለው ስማቸውን ነገሩን።

ክፍላችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። ፎቶግራፍ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን ትታችሁ አትሂዱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ።